የጅብ ጥላውን አትርገጡብኝ፦ በጥቅምት ከሳንቃበርና ከሥላሴ ግቢ ያየሁት

የቀሃዋ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ቀሃ ነው። ለሥራ ደባርቅ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዘን፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር በእግራችን ወጣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ሣሩ ጠል እንደያዘ ነው። ገደሉ ሥር ጉም ተኝቷል።

ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ጭላዳው ያዞራል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምሄደው። ጓደኞቼ "ምን ጠፋሽ?" ይሉኛል። የጠፋኝ ነገር የለም። እንጉዳይ እየፈለግሁ ነው።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከወደቀ የአስታ ግንድ ላይ ነው። ግንዱ በስብሷል፤ በጣት ሲጫኑት ሰርጎ ይገባል። ላዩ ላይ ትናንሽ ሲኒዎች ተደርድረዋል። እውነቴን ነው፣ ሲኒ ናቸው። አፋቸው የትንሿ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው። ውጫቸው ቡናማና ጠጉራም ነው። ውስጣቸው ግራጫና ልሙጥ ነው። እያንዳንዱ ሲኒ ውስጥ አራት አምስት ምስር የመሰለ ነገር ተቀምጧል። በሆዴ ተኝቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አየኋቸው።

ሁለተኛው የፈረስ ፋንድያ ላይ የቆመ ነው። እግሩ ክር ያክላል። ራሱ ደወል ይመስላል። ስንሄድ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ስንመለስ ጠውልጎ ተኝቷል። ዕድሜው ይቺው ነች።

ሦስተኛው ነው ይህን ያስጻፈኝ። ማታውን ጎንደር ገብቼ እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀደስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከጽዶቹ ሥር አረፍ አልኩ። አንድ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣ። ሣሩ ውስጥ ኳስ የመሰለ ቡናማ ነገር አለ። በጫማው መታው። ጭስ ቦለል አለ። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ ሌላ ፈልጎ ደገመ። እንዳየሁት ሲያውቅ ደንገጥ ብሎ "የጅብ ጥላ እኮ ነው!" አለኝ።

እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። እንጉዳይ የጅብ ጥላ ከተባለ መርገጥ ነው። አያቴ የነካሁበትን እጄን ሳታስታጥበኝ እንጀራ አታስነካኝም ነበር።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እነዚህ ምንድን ናቸው? ለምን በዚህ ወቅት ብቻ ይወጣሉ? ደግሞ እንጉዳይ ዛፍን በሥሩ ይመግባል የሚል ነገር አንብቤያለሁ። እውነት ከሆነ ልጁ የረገጠው የሥላሴን ጽዶች ቀለብ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የምታውቁ ንገሩኝ። እስከዚያው ግን እባካችሁ አትርገጧቸው።


የግጭ_ልጅ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 2፡55

እህቴ፣ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ማግኘት እንዴት ደስ ይላል!

የተወለድኩት ግጭ ነው። መንደራችን ከፓርኩ ከወጣ ወዲህ ደባርቅ ነኝ። የማስጎብኘት ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። እንግዳ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቀኛል፤ ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ። እንጉዳይ አሳየኝ ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ወቅቱን እኔ ልንገርሽ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው ጥሩው ጊዜ። መሬቱ ርጥብ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ፀሐይ አለው። ኅዳር ሲገባ ጨነቅ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይመታል። ጠዋት ሣሩ እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ያን ጊዜ እንጉዳይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

ይህ ወቅት ለአራዊቱም የጥጋብ ነው። ጭላዳው አሁን ሣር ዘር ይዞለታል። ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየሸመጠጠ ይውላል። በጋ ሲገባ ግን ሣሩ ስለሚደርቅ ሥር ወደ መቆፈር ይዞራል። ዋልያም አብዛኛውን ግልገሉን የሚወልደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ባለፈው ሳምንት ጨነቅ ላይ አንዲት እናት አየሁ። ግልገሏ ገና እግሩ ይንቀጠቀጣል። እሷ ዘላ የወጣችበትን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ወጣ። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ ግልገል ይታየኛል።

ያየሻቸውን ሲኒዎች ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ምን እንደሆኑ ግን መምህሩ ይንገረን።


መምህር_አንገረብ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 3፡40

እንዴት ያለ ነገር አየሽ! ባዮሎጂ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። እነዚያን ሲኒዎች በዓይኔ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

በሳይንስ ስማቸው ሳያተስ ይባላሉ። በሌላ አገር ሕዝቡ የወፍ ጎጆ ይላቸዋል፤ ምስሮቹን እንደ እንቁላል ቆጥሮ። ለእኔ ግን ያንቺ ሲኒ ይበልጣል።

ሲኒ የሆኑት ዝናብ ለመቀበል ነው። ጠብታ ሲኒው ውስጥ ስትወድቅ ውኃው በጎን ይፈናጠራል። ምስሯንም ይዟት ይወጣል። አንድ ሜትር ያህል ልትሄድ ትችላለች። ከምስሯ ሥር የተጠቀለለ ቀጭን ክር አለ። ጫፉ ይጣበቃል። ምስሯ ስትፈናጠር ክሩ ይተረተራል፤ ያገኘው ሣር ወይም ጭራሮ ላይ ይጠመጠማል። ዘሩ ያለው ምስሯ ውስጥ ነው። በባዮሎጂ ቋንቋ ስፖር እንለዋለን። ሣሩን እንስሳ ከበላው ስፖሩ በሆዱ አልፎ ከፋንድያው ጋር ሊወጣ ይችላል።

ለምን አሁን ብቻ? የምታዪው ፍሬው ስለሆነ ነው። ዋናው አካል ግንዱ ውስጥ ወይም አፈሩ ውስጥ ነው። ከጸጉር የቀጠነ ነጭ ድር ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው አለ፤ የሞተውን እንጨትና ቅጠል እየፈታ ወደ አፈር ይመልሳል። ርጥበት ሲያገኝ ፍሬውን ያወጣል። እንጉዳይ በአንድ ሌሊት የሚበቅል የሚመስለን ቀድሞ ተሠርቶ፣ ታጥፎ ስለሚጠብቅ ነው። ውኃ ሲገባበት ይነፋል።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። እንጉዳይ ተክል አይደለም። በዘር ሐረግ ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። የአካሉ ግድግዳ የተሠራበት ነገር የጥንዚዛ ቅርፊት ውስጥም አለ።

የጽዶቹን ጉዳይ ነገ እመለስበታለሁ። እዚያ ላይ የተሳሳተ ነገር ይዘሻል፤ ግን በአንድ መስመር የሚመለስ አይደለም።


ሊማሊሞ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4፡02

መምህር፣ ተማሪዎ በሆንኩ። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው።


እትዬ_ወገራ
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1፡25

ልጆቼ እንዴት አደራችሁ። የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው፤ እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ እነግራታለሁ።

የተወለድኩት ዳባት አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ ከብት ጠብቄያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ላይ ነጫጭ እንጉዳይ ክብ ሠርቶ ይወጣ ነበር። ልክ ሰው በገመድ ለክቶ የተከለው ይመስላል። እኔና ወንድሜ ክቡን በእርምጃ እንለካው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስንመለስ ሰፍቶ እናገኘዋለን። መሀሉ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጭስ የምታወጣዋን ደግሞ አባቴ ይፈልጋት ነበር። የአጋሰሱ ጀርባ በጭነት ሲላጥ ዱቄቷን ይነሰንስበታል። ደሙ ቀጥ ይላል። እኛን ልጆቹን "አትርገጧት፣ መድኃኒት ናት" ይለን ነበር። እናቴ ግን ሁሉንም የጅብ ጥላ ብላ ትጠላዋለች። በአንድ ቤት ሁለት ሐሳብ ነበር።

የቀሃዋ ልጄ፣ አንቺ የአባቴን ወገን ይዘሻል።


የቀሃዋ
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 2፡00

እትዬ፣ ዕንባዬ መጣ። ዕድሜ ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎን ይሳሙልኝ፤ ያን ክብ እንድታይ ይውሰዷት።


መምህር_አንገረብ
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 7፡15

እትዬ፣ የለኩት ትክክል ነው። ድሩ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው እኩል ያድጋል። መሀል ያለውን ምግብ ስለጨረሰ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ፍሬው የሚወጣው ዳሩ ላይ ስለሆነ ክብ ይሠራል። እርስዎና ወንድምዎ ያደረጋችሁትን ነው ተመራማሪም የሚያደርገው።


ነርስ_ማታ
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8፡30

እትዬ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። አባትዎ ዱቄቱን ለአጋሰስ ቁስል መጠቀማቸው ገብቶኛል፤ በዘመኑ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ግን በሰው ቁስል ላይ አይነስንሱት። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይሻላል።

ወላጆች ደግሞ ይህን ስሙኝ። ያ ጭስ ብዙ ሚሊዮን ስፖር ነው። ልጅ ፊቱ ላይ አድርጎ ቢያፈነዳውና አብዝቶ ቢስበው ሳንባው ሊቆጣ ይችላል። ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ከሜትር ርቆ አንዱን መርገጥ ያን ያህል አያሰጋም። አፍንጫ ሥር መጭመቅ ነው ክፉው። ለልጆቹ "ኃጢአት ነው" ከማለት ይህን መንገር ይሻላል።


ቋራ_ቆላ
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡20

ደጋዎች፣ እኛንም አስቡን እንጂ! እንጉዳይ በእኛ ቆላ ሌላ ታሪክ አለው።

በእኛ ዘንድ በጥቅምት ጊዜው አልፏል። የሚጠበቀው ሰኔ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ዝናቡ ይመታል። ከዚያ አሸን ከኩይሳው ይወጣል። "እንደ አሸን ፈላ" ሲባል ስንቱ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። ክንፋሙ ምስጥ ነው። በመብራት ዙሪያ ሲሽከረከር አድሮ ጠዋት ክንፉ ብቻ ወለል ላይ ይቀራል። በዚያው ሰሞን ኩይሳው ላይ እንጉዳዩ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ትልቅ ነው፤ ሰሐን ያክላል።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር አንዱን ተከትለን ቆፈርን። እግሩ አያልቅም። እየቀጠነ ክንድ ሙሉ ወረደ። መጨረሻው ላይ ምስጦቹ ጓዳ ደረስን። ውስጡ ቡናማ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር አለ። ምስጦቹ የሠሩት የእንጉዳይ እርሻ ነው። ሣርና እንጨት አኝከው ያመጣሉ፤ እዚያ ላይ ድሩ ይበቅላል። ለእነሱ የሚከብዳቸውን እንጨት ድሩ ያለዝብላቸዋል። እነሱ መልሰው ይበሉታል። የዚህ እንጉዳይ ወገን ቴርሚቶማይሲስ ይባላል። ያለ ምስጥ ስለማይሆንለት እንደ ሌላው እንጉዳይ በቤት አይመረትም።

አባቴ ያን ቀን ጉድጓዱን መልሶ ደፈነው። "ቤታቸውን አፍርሰን መሄድ የለብንም" አለኝ።

የጉሙዝ ጎረቤቶቻችን ይህን እንጉዳይ አሳምረው ያውቁታል። የትኛው እንደሚበላ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እኛ አማሮቹ ብዙዎቻችን አንነካውም። አጠገባችን ያለ እውቀት ነው፤ ቁጭ ብሎ መማር ግን አልለመደብንም። ይህ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ስለ ፓርክ ስታወሩ አልጣሽን አትርሱት። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል። በ2016 እ.ኤ.አ. አንበሳ መኖሩ በካሜራ የተረጋገጠበት አገር ነው። እኛ ግን ድምፁን ከልጅነታችን እናውቀዋለን።


ተማሪ_ማራኪ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 6፡45

ጥያቄ አለኝ። ጽጌን እየጾምኩ ነው። ሽሮ ሰለቸኝ። ከምኖርበት ጀርባ ፓቱላ የሚሉት ዛፍ ተክል አለ። ከሥሩ ነጭ፣ የሚያምር እንጉዳይ ወጥቷል። ትል ገብቶበታል። ትል የበላው መርዝ የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ። በሽንኩርትና በዘይት ልጥበሰው?


ነርስ_ማታ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 6፡52

አትብላ። ወንድሜ፣ ይህን እንዳየህ መልስልኝ።


ተማሪ_ማራኪ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 7፡20

አልበላሁም። ምጣድ ላይ ሳላወጣው ነው ያየሁት። ለምን ግን?


ነርስ_ማታ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 1፡05

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልህ።

ትል የሰው ጉበት የለውም። ትልና ቀንድ አውጣ የሚበሉት እንጉዳይ ሰውን ሊገድል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ጠቆረ፣ ብር ጠቆረ የሚባለውም ፈተና ምንም አይለይም። መቀቀልና መጥበስም አያድንም። የክፉዎቹ መርዝ በእሳት አይጠፋም።

በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ነው። የሚያስፈራው ነገር አደጋው መዘግየቱ ነው። ሰውየው በልቶ ይተኛል፤ ደኅና ያድራል። ከ6 ሰዓት እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ከዚያ ይሻለዋል። ቤተሰብ "ተመስገን፣ አለፈ" ይላል። ያን ጊዜ መርዙ ጉበቱን እየጨረሰ ነው። ከቀናት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ብዙ ነገር አምልጧል።

ስለዚህ ማንም ሰው ያልታወቀ እንጉዳይ ከበላ እስኪያመው አይጠበቅ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ጥሬም ይሁን የተበሰለ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ። በፌስታል አይሁን፤ ቶሎ ይበሰብሳል። ወተት አጠጡት፣ ይተኛበት የሚል ምክር አትስሙ።

እንጉዳይ ካማረህ ተመርቶ የሚሸጠውን፣ ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ፈልግ። ለጾም ግሩም ነው፤ በቃሪያ ሲጠበስ እኔም እወደዋለሁ።


ቋራ_ቆላ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 1፡30

ነርሷ ያለችውን እኔም እደግማለሁ። የቆላውን የሚያውቅ ሰው የቆላውን ይልቀም። ደጋ ወጥቶ "ይህም ያው ነው" ብሎ እንዳይሞክር። ከላይ የጻፍኩት ማንንም እንዳያሳስትብኝ።


መምህር_አንገረብ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡10

የተማሪው ጥያቄ ወደ ጽዶቹ ጉዳይ አመጣኝ። ፓቱላ ማለቱን ልብ በሉ።

እንጉዳይ ዛፍን ይመግባል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም ዛፍ አይደለም። ፓቱላና ባሕር ዛፍ ሥራቸው ላይ ድር ይጠቀለልባቸዋል። ድሩ ከአፈር ውኃና ማዕድን ያቀብላቸዋል፤ እነሱ ስኳር ይከፍሉታል። ያ ድር ፍሬውን ከመሬት በላይ ያወጣል። ስለዚህ በሥራቸው እንጉዳይ ይታያል። ሁለቱም ዛፎች ከውጭ የመጡ ናቸው። አጋር እንጉዳዮቻቸው አብረዋቸው አገር ይለውጣሉ። አማኒታ ፋሎይደስም ወደ በርካታ አገሮች የገባው በዛፍ ሥር ተሸሽጎ ነው። ለዚህ ነው ከውጭ ዛፍ ሥር በወጣ እንጉዳይ ላይ እጥፍ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው።

የእኛ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ግን ሌላ ናቸው። እነሱም አጋር አላቸው። ነገር ግን ያ አጋር የሚኖረው ሥሩ ሴል ውስጥ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በላይ አይወጣም። እንጉዳይ የሚባል ፍሬ የለውም። በዓይን አይታይም። ልጁ በሥላሴ ግቢ የረገጠው የጽዶቹን አጋር አይደለም። የወደቀውን ቅጠል የሚያበሰብሰውን ነው።

የቀሃዋ፣ ይህ ሐዘንሽን እንዲያቀልልሽ አይደለም የምጽፈው። የሚያበሰብሰውም ባይኖር የሥላሴ ግቢ በራሱ ቅጠል በተዋጠ ነበር። ጽዱ የጣለው ወደ ጽዱ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ደግሞ ረጋጭ ጫማ ከፍሬው ይልቅ የሚጎዳው አፈሩን ነው። ደጋግሞ የተረገጠ አፈር ይጠጥራል፤ አየርና ውኃ አይገባውም። የማይታየው አጋር የሚሞተው ያኔ ነው። እኔ ብሆን ልጁን ስለ እንጉዳዩ ሳይሆን ከመንገዱ ስለ መውጣቱ ነው የምመክረው።


ችግኝ_ጣቢያ
ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

መምህር የጻፉትን በእጄ አይቻለሁ።

ችግኝ ስናፈላ ላስቲኩን በአሸዋ፣ በፍግና በደን አፈር ነው የምንሞላው። አንድ ዓመት የደን አፈር አጣን። "ፍጉ ይበቃዋል" ተባለና የወይራና የጽድ ችግኙን ያለ እሱ አፈላን። በቀለ፤ ግን ቆሞ ቀረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አሮጌ ጽዶች ካሉበት አንድ ጆንያ አፈር ለምነን አመጣን። ለእያንዳንዱ ላስቲክ የእፍኝ ሩብ ብቻ ነው የደረሰው። ልዩነቱ በሁለት ወር ታየ። ያኔ ፎርማናችን "አፈር ከአፈር ይለያል" ሲል ዝም ብዬ ሰማሁት። ምክንያቱ የገባኝ ዛሬ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ግቢዎቻችን ይህን አፈር ይዘው የቆዩ ናቸው። ጽዱ ቢቆረጥ ሌላ ይተከላል። አፈሩ ከሄደ በምን ይመለሳል?


ሊማሊሞ
ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 9፡40

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል አንድ ልበል። በፓርኩ ውስጥ ከብት አይግባ ይባላል። የቀሃዋ ያየችው እንጉዳይ የበቀለው ግን በፈረስ ፋንድያ ላይ ነው። ከብትና ፈረስ ባይገባ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር?


የግጭ_ልጅ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 12፡50

ወንድሜ፣ ጭላዳም ዋልያም ድኩላም ፋንድያ አላቸው። ከብት ከመምጣቱ በፊትም ሣር በሊታ ነበር፤ እንጉዳዩም ነበር።

እኔ የከብት ልጅ ነኝ፤ በከብት ነው ያደግሁት። ስለዚህ የገበሬውን ችግር ማንም አይነግረኝም። ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ከብት የበዛበት ሜዳ ላይ ጓሳው ይላጫል፤ ዋልያው ወደ ገደሉ ይገፋል። ፓርካችን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመሀሉ ስንት ቤተሰብ ከቀየው ተነሣ። የእኛም ቤት አንዱ ነው። ያ ሁሉ የተከፈለለትን ነገር መልሶ ማስላጨት አንጀቴ አይችልም።

እሳቱንም አልረሳሁትም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አስታውና ጓሳው ሲነድ ቅጠል ይዘን ነው የወጣነው። አገሬው ሁሉ ወጣ። ከውጭም ሄሊኮፕተር መጣ። ከእሳቱ በኋላ የነበረውን ክረምት አልረሳውም። ከሰል በሆነው መሬት ላይ መጀመሪያ የወጣው ሣር አልነበረም። ብርቱካንማ፣ ቁልፍ የምታክል እንጉዳይ ነበረች። ተንበርክኬ አየኋት። ማንንም አላሳየሁ፤ እዚህ ነው የመጀመሪያ የነገርኳችሁ።


ሊማሊሞ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 1፡15

ይቅርታ ወንድሜ። ስለ ቀያችሁ አላወቅሁም ነበር። ያልከውን ተቀብያለሁ።


ተማሪ_ማራኪ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 10፡00

የግጭ ልጅ፣ ቀይ ቀበሮስ? እንግዶች ስለሚጠይቁህ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው። የት አካባቢ ነው ጉድጓዱ?


የግጭ_ልጅ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡20

ጉድጓዱን እዚህ አልጽፍም፤ አትቀየመኝ። በዓለም ላይ አዋቂው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። የሳይንስ ስሙ ራሱ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ነው፤ "ሲሜንሲስ" ይላል። ቦታው ከታወቀ ሰውም ውሻም ይከተላል። ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣበታል።

ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። በመንዝ ጓሳ የተጠና ነው። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳው አብዛኛውን ጊዜ አይሸሸውም፤ እሱም ግልገላቸውን ብዙውን ጊዜ አይነካም። ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ 25ቱ ይሳካለታል። ከጭላዳ ጋር ሲሆን 67ቱ። እኔም እዚህ መንጋው መሀል ቀስ ብሎ ሲራመድ አይቻለሁ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ የማይቸኩል ሽማግሌ መስሎ።

በባሌ ደግሞ እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ ሆና የምትቆመውን አበባ ሲልስ ታይቷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ የሆነው። ማሩን ፈልጎ ነው። አፍንጫው በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የዚያች አበባ ዘመድ እኛም ጋ አለች። ከእንግዲህ በክረምት መውጫ አፍንጫ አፍንጫውን ነው የማየው።


የቀሃዋ
ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 2፡30

ጠፋሁ አይደል? ሥራ ይዤ ነበር፤ ሁለት ሥራ።

አንደኛው፣ ከመንገድ ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ይዤ ቤት ገባሁ። አከራዬ "ምን ሊሆንሽ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እስቲ እኔም ልየው" ብለው የጃም ጠርሙስ ሰጡኝ። መስኮት ሥር አስቀመጥነው። በአምስተኛው ቀን ፋንድያው ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር ቆመ። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠረች ኳስ አለች፤ በላይዋ ጥቁር ቆብ ደፍታለች። ሁሉም ወደ መስኮቱ አዘንብለዋል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቆቡ የለም። ጠርሙሱ በመስኮቱ በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። አከራዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳዩት።

መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?


መምህር_አንገረብ
ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 2፡48

ፓይሎቦለስ! ያቺ ኳስ ውኃ ስታምቅ ስታምቅ ትፈነዳለች። ቆቡን እስከ ሁለት ሜትር ትወረውረዋለች። ቁመቷ ግን ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም። ወደ ብርሃን የምትዞረው ክፍት ሜዳ ወዳለበት እንድትተኩስ ነው። ፈረስ ፋንድያው አጠገብ ያለውን ሣር አይግጥም። ስለዚህ ዘሩ ራቅ ብሎ ንጹሕ ሣር ላይ መድረስ አለበት። ተበልቶ፣ በሆድ አልፎ፣ እንደገና ፋንድያ ላይ ይበቅላል።

አከራይሽን ከእኔ ክፍል ጋር ማስተዋወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ሥራሽስ?


የቀሃዋ
ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 3፡35

ሁለተኛው ይኸውላችሁ። ሐሙስ ማታ ደባርቅ ዘነበ፤ ወቅቱ ያለፈበት ካፊያ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስካውቱን ለምኜ ወደዚያች የአስታ ግንድ ተመለስኩ። ከላይ በኩል ያሉት ሲኒዎች ባዶ ናቸው። ከሥር፣ ቅርፊቱ የከለላቸው ሁለቱ እንደሞሉ አሉ።

ከዚያ ምስሮቹን ፍለጋ ገባሁ። ሣሩን አንድ በአንድ አየሁ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስካውቱ መጀመሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ በኋላ ጠመንጃውን አስደግፎ ተንበረከከ። ያገኘው እሱ ነው። ከግንዱ ሁለት ስንዝር ርቆ፣ የጓሳ ቅጠል ላይ፣ ግራጫዋ ምስር በክር ተንጠልጥላለች። ክሩ ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ዞሮታል። ነፋስ ሲነካው ትወዛወዛለች፤ ግን አትወድቅም።

ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የጭላዳ መንጋ እየሸመጠጠ ይመጣ ነበር። ወደዚያች ጓሳ ሲቃረቡ መንገድ ለቀቅንላቸው።